የሙከይፉ ጀርባ

ገዳሪፍ፣ ሰኔ ፳ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለስማቸው እንግዳው፤ ጅዳ።

ልጄ ስማቸው፣ ጤናህን እንዴት ይዞሃል? የምትሠራበት ፎቅ ከፍታው ራስህን አያዙርብህ፤ ለአሠሪህም ልብ ይስጠው። እኔ ከሁለት ጥርሴ በቀር የጎደለብኝ የለም። ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ገበያ ላይ ተቀምጦ ለሰው የሚጽፍ ሞልቷል፤ የቤቴን ጉዳይ ግን ለሰው አፍ አልሰጥም። ዳዊቱን እስከ እኩሌታው ደግሜአለሁ። ፊደሌ ተጣሞ ብታገኘው አንተ አቅንተህ አንብበው።

ነገሩን በተራው እጽፈዋለሁ፤ ደስታው ይቅደም። በማሬ ሆድ ትተኸው የሄድኸው ልጅ በግንቦት ልደታ ዕለት ተወለደ። ወንድ ነው። ያዋለደቻት የኸሊል ሚስት ባሕሪያ ናት። ስትወጣ እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። «አያ እንግዳው፣ አፍንጫው የርስዎ ነው፤ እንግዲህ ምን ይደረግ» አለችኝ። እውነትም የኔን አፍንጫ ይዞ ነው የመጣው። እስካሁን ያልጻፍሁልህ ክርስትናው ይድረስና ስሙን ጨምሬ ላበሥርህ ብዬ ነው።

የላክኸው ማቀዝቀዣ፣ እዚህ ሙከይፍ የሚሉት፣ ማሬ በወለደች በሳምንቱ ከፖርት ሱዳን በሎሪ ደረሰ። አራት ግንድ የመሰሉ ወንዶች እያማጡ አገቡት። ካርቶኑ ላይ «ለማሬ ክፍል» ብለህ የጻፍኸውን አንብቤዋለሁ፤ አላነበበም እንዳትል። ግን አንተ ያለኸው ጅዳ ነው፣ ቤቱ ያለው ገዳሪፍ ነው፣ የቤቱ ጌታም እኔ ነኝ። አራስ ሴት የተኛችበት ክፍል ውስጥ ብርድ የሚነፋ ብረት ይተከላል? እናትህ ያለምወርቅ አንተን መተማ ላይ ስትወልድ ጊዜው ሚያዝያ ነበር። በርና መስኮቱን ዘግተን፣ ስንጥቁን በጭቃ መርገን፣ እሳት አንድደን ነው ያረስናት። ንፋስ ያገኛት አራስ ወገቧ ዕድሜ ልኳን አይጠናም፤ ልጁም ሆዱ ይነፋል። አንተ ይህን ረስተኸዋል። ዓረብ አገር ያስረሳል ይላሉ።

ስለዚህ ሙከይፉ እንግዳ በምቀበልበት በኔ ክፍል ውስጥ ይሁን ብዬ ቆረጥሁና ኸሊልን አስጠራሁት። ኸሊል ያ ከኛ በስተጀርባ ወፍጮ ቤት የከፈተው ወሎዬ ነው፤ ሞተር ይፈታል ይገጥማል። መብራቱም የሚመጣልን ከሱ ነው። ወፍጮው ሲዞር ዲናሞው ለኛም ይደርሰናል፤ ከቀትር እስከ ዐሥር ሰዓት ያህል።

ግድግዳ ግድግዳውን አብረን ዞርን። በመንገድ በኩል ያለውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ «ቦታው ይኸ ነው፤ ጀርባው ወደ ሜዳ ይሁን» አለኝ።

«ሌባ በጀርባው ጎትቶ እንዲሄድ?»

«የብረት ፍርግርግ እሠራለታለሁ።»

«የገዳሪፍ አቧራስ? ሲያስነጥስ ሊውል ነው።»

ሳቀ። በፀሐይ መውጫ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ እናትህ የሰቀለቻት ሥዕለ ማርያም አለች፤ እሷን ለሙከይፍ ብዬ አላወርድም። ሦስተኛው በር ያለበት ነው። የቀረው የኔን ክፍልና የማሬን ክፍል የሚያዋስነው ነው። በስንዝር ለካሁት፣ በከሰል አሰመርሁት፣ «እዚህ ብሳ» አልሁት።

ኸሊል መሮውን መሬት አስቀመጠ። «አያ እንግዳው፣ ይህ ዕቃ ብርድ አይወልድም። ከርስዎ ክፍል ሙቀቱን እየቀዳ በጀርባው የሚደፋ ነው። ውሃ ከገባበት ቤት በቆሬ እየቀዱ እንደ መድፋት ያለ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የሚደፋው ማሬ ላይ ነዋ።»

«ይደፋባት። አራስ ናት።»

«ወላሂ በግንቦት ገዳሪፍ ላይ እንኳን አራስ፣ ግመልም...»

«ግመልህን እዚያው ወፍጮ ቤትህ እሰር። ሙቀቱ ለኔ ትርፍ ነው፣ ለሷ መድኃኒት ነው። መንገድ ላይ ለአህያ ከምበትነው ለልጅ ልጄ ብሰጠው ምን ከፋህ? በአንድ ዕቃ ሁለት ቤት አቀናሁ።»

ልጄ፣ ይህን ያሰብሁት ብቻዬን ነው። ዕቃውን የሠሩት ሰዎች እንኳ አስበውት እንደሆነ እንጃ። ኸሊል ራሱን ነቀነቀና፣ «እንግዲያው የሷ በር ሁልጊዜ ክፍት ይሁን፤ ይህን ቃል ይግቡልኝ» አለ። «አንተ ሙያህን ሥራ» አልሁት። ሠራ። ግድግዳውን ነድሎ፣ የእንጨት አቃፊ አስገብቶ፣ ሙከይፉን አስቀምጦ፣ ዙሪያውን በጭድና በጭቃ መረገው። እኔም በእጄ ለሰንሁት። እናትህ ብታየው ደስ ባላት።

በማግሥቱ ወፍጮው ሲነሣ ቁልፉን አዞርሁ። ምን ልበልህ። የናትህን አገር ደባርቅን እገዳሪፍ አመጣሁት። ከሣጥን ጋቢዬን አወጣሁና ለበስሁ። በግንቦት፣ እዚህ አገር፣ ጋቢ ለብሶ የሚቀመጥ ሰው ታይቶ አያውቅም። ወሬው ሲሰማ የአገር ሰው ሁሉ እየመጣ ይቀመጥ ጀመር። ትልልቆቹን ከፊቱ፣ ትንንሾቹን ከበሩ አጠገብ አስቀምጣለሁ። አንዱ ሽማግሌ፣ «እንግዳው፣ ከዚህ ቤት ወጥቶ ፀሐይ ላይ መሄድ ከገነት መባረር ነው» አለ። ስንስቅ ዋልን።

ማሬ ብቻ አልሳቀችም። እንግዶቼ ሲሄዱ ከበሯ ብቅ አለች። ነጠላዋ ከገላዋ ጋራ ተጣብቋል።

«አባባ፣ ክፍሉ እሳት ሆነብን።»

«አራስ እሳት ዳር ነው የምትቀመጥ።»

«ልጁ ሽፍ አለበት። ጡትም እምቢ እያለኝ ነው።»

«የባላገር ልጅ እንዲህ አታላዝንም።»

«እስቲ እርስዎ ይግቡና አንድ ጊዜ ብቻ ይቀመጡበት።»

«ሽማግሌ አራስ ቤት ምን ሊያደርግ ይገባል?» አልኋት። ነውር ነዋ። አልገባሁም።

ደግሞ አያያዝ ታውቃለች። ከሙከይፉ ጀርባ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ጣሳ ደቅናበት፣ በዚያ ውሃ ጨርቅ እየነከረች የልጁን ራስ ታስር ነበር። ባሕሪያ ናት የነገረችኝ፤ እንደ ወቀሳ አድርጋ። ውሃም ሰጣት ማለት አይደል? እዚህ አገር አንድ ማድጋ ውሃ በአህያ ስንት እንደሚሸጥ ታውቃለህ።

ከዚያ ወዲያ ቀትር ሲሆን ልጁን አቅፋ እየወጣች ራኩባው ሥር፣ በሣር ዳሱ ውስጥ፣ ትቀመጥ ጀመር። ልጁን ራቁቱን አድርጋ፣ ንፋስ እየመታው። እንግዶቼ ሲገቡና ሲወጡ ያይዋታል። የእንግዳው ቤት አራስ እንደ ሻይ ሻጭ ሜዳ ላይ ተሰጥታ። ተመለሺ ብላት ባሕሪያ ተነሣችብኝ።

«ይተዋት አያ እንግዳው። ያወጣኋት እኔ ነኝ።»

«አንቺ የተጠራሽው ለማዋለድ ነው፤ ወልዳለች» አልኋት። ሄደች።

እንግዲህ ልጄ፣ እዚህ ላይ ቁም። ከዚህ በታች ያለውን ብቻህን አታንበው። ከጎንህ የአገር ሰው ካለ ጥራው። ይህ በወረቀት የሚነገር አልነበረም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ቤትህ መጥቶ የሚነገር ነው። ማን ልላክብህ? ባሕር በመካከላችን ነው።

ክርስትናው በተቃረበበት ሰሞን፣ አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ማሬን ከራኩባው አንሥቼ ክፍሏ አገባኋትና በሯን በውጭ በኩል በመወርወሪያ ዘጋሁት። ቁጣ አይምሰልህ፤ ከንፋስ ልሰውራቸው ብዬ ነው። ወፍጮው እስኪቆም ብቻ ነበር። ከዚያ ሙከይፉን ከፍቼ ጋደም አልሁ። እናትህ ካረፈች ወዲህ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም። ጋቢዬን እስካንገቴ ስቤ እንደ ሕፃን ነው የተኛሁት። ሙከይፉ ደግሞ ጩኸቱ ብርቱ ነው። እሱ ሲጮህ ወፍጮውም አይሰማ፣ እንኳን ሰው። ይህን ለሸጠልህ ነጋዴ ንገረው፤ እንዲህ የሚጮህ ዕቃ ለሰው መኖሪያ አይሸጥም።

ስነቃ ወፍጮው ቆሟል። በሩን ከፈትሁ። ማሬ ከበሩ ሥር መሬት ላይ ተኝታ ነበር፤ የልጁን አፍ በበሩና በመሬቱ መካከል ባለው ክፍተት ላይ አስጠግታ ይዛዋለች። እኔ ተኝቷል ብዬ ነበር። ባሕሪያ ሮጣ መጥታ ከእጇ ወሰደችው፤ አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። የማሬ ጣቶች ቆዳቸው ተልጧል። «ግድግዳውን ስትመታ ነው» አለችኝ ባሕሪያ። እኔ አልሰማሁም።

ልጅህ አረፈ። ስላልተጠመቀ ፍትሐት የለውም ተባለ። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ግራር ሥር አኖርነው። ያሰብሁለት ስም ነበረኝ፤ አሁን አልጽፈውም።

ምች ነው የገደለው። ያ ሁሉ ቀን ራኩባ ሥር ያገኘው ንፋስ ነው። ሙቀት ሕፃን ሲገድል ማን አየ? ለለቅሶ ለመጡት ሰዎች ይህን ነገርኋቸው። «ወደ ውስጥ ግቡ፣ ቀዝቃዛ ነው» ብላቸው፣ ያ ከገነት መባረር ነው ያለው ሽማግሌ፣ «እዚሁ ይሻለናል» አለ። ሦስቱን ቀን ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልመጣም። የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ ሲበርድላቸው ወዳጅ ናቸው።

ለቅሶው ሲያበቃ ኸሊል ሳልጠራው መሮውን ይዞ መጣ። «አያ እንግዳው፣ ላውጣውና ወደ መንገዱ ላዙረው» አለ። እውነቱን ልንገርህ፣ እምቢ ልለው አላሰብሁም። ከግድግዳው ራቅ አልሁለት። ማሬ ግን ከበር ሆና፣ «አይነካም» አለች።

ኸሊል ዞር ብሎ አያት። «እኅቴ፣ ላንቺው ብዬ ነው።»

«ስማቸው የላከው ለማሬ ክፍል ብሎ ነው። ክፍሌ ገብቷል። አይነካም።»

ኸሊል መሮውን በጨርቅ ጠቀለለና ወጣ። እኔንም አልተሰናበተኝ።

አሁን የምነግርህ ይህን የጻፍሁበትን ነገር ነው። ቀትር ሆኖ ወፍጮው ሲነሣ ማሬ ከል እንደ ለበሰች ክፍሌ ትገባለች። አትጠይቀኝም። የሙከይፉን ቁልፍ ታዞራለች። ጋቢዬን ከተሰቀለበት አውርዳ ትከሻዬ ላይ ታለብሰኛለች፤ ጫፉንም እንደ ልጅ ታስተካክልልኛለች። «ይብረድልዎ፣ አባባ» ትላለች። ከዚያ ወደ ክፍሏ ትሄድና በሯን ከውስጥ ትቆልፋለች። ወፍጮው እስኪቆም አትወጣም። ስትወጣ ውሃ ውስጥ ገብታ የወጣች ትመስላለች። እራቴን ሠርታ ታቀርብልኛለች፤ ጨውም አታጓድል። ስድብ አልሰማሁባትም። ቢሰድቡኝ እመልሳለሁ፤ ይህን ምን ብዬ ልመልሰው?

ማጥፋት አቅቶኝ እንዳይመስልህ። ቁልፉ ከእጄ አይርቅም። ግን ባጠፋው ምን ሊባል ነው? እንግዳው ፈራ ሊባል ነው። የሆነ ነገር አለበት ሊባል ነው። ደርግ የሠፈሩን ልጆች እየለቀመ ለጦር ሲያግዝ፣ የጓንግን ወንዝ በሙላት ጊዜው እጅህን ይዤ ያሻገርሁህ እኔ አይደለሁም? ልጅ ማዳን አያውቅም የሚለኝ ካለ ይህን ንገረው። ስለዚህ ቁልፉን አልነካም። ጋቢዬን ለብሼ እቀመጣለሁ።

አንተ ግን ጻፍላት። ባሏ ነህ፣ ያንተን ቃል ትሰማለች። «ተዪ፣ በቃ» በላት። እንደ ራስህ አሳብ አድርገህ ጻፈው፤ እኔ እንደ ነገርሁህ አትንገራት። ክረምቱ ሳይበረታ ይድረስ። እየከሳች ነው።

ይህን ስጽፍም ወፍጮው ይዞራል። ጣቶቼ በብርዱ ስለ ደነዘዙ በትንፋሼ እያሞቅሁ ነው የምጽፈው። የሙከይፉን ጩኸት አሁን ለምጄዋለሁ። ጆሮዬን ለስኜ ያቀናሁት ግድግዳ ላይ አድርጌ አዳምጣለሁ። ብትመታ እሰማ ነበር። አትመታም።

በሄድህበት የሰው ፊት ይብራልህ። እናትህ የሰቀለቻት ማርያም ከሐሩሩ ትሰውርህ። ሌላ ልጅ ይስጥህ፤ ለሱም እኔን በሕይወት ያቆየኝ።

አባትህ
እንግዳው አየልኝ