ለድሮኑ እጅ ስለማውለብለብ

ለሐይቁ ትራንስፖርትና ደኅንነት ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ፣ ከምስጋናውም ጋር ልመና ስለማከል

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ አዲሱ የቢሮዎ ምንጣፍ፣ በመስኮትዎ ሥር የተተከሉት ጽጌረዳዎች ሁሉ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ ከግቢዎ በር ፊት ለፊት ጃንጥላ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፈው ሰው፣ ደኅና ነኝ። በየጠዋቱ መኪናዎ ሲገባ ከወንበሬ ብድግ ብዬ ባርኔጣዬን ስለማነሣ በመልክ ያውቁኛል ብዬ እገምታለሁ፤ ባያውቁኝም አልፈርድብዎትም፤ የመኪናዎ መስታወት ጥቁር ነው።

እስከ ዛሬ የጻፍኩልዎ ሁሉ የሌላ ሰው ብሶት ነበር። የዛሬው የራሴ ነው። ለሌላው ስጽፍ ቃሉን አለዝባለሁ፣ «ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት» እያልኩ እለማመጣለሁ፤ ለራሴ ሲሆን ግን ልማዱ ሊከዳኝ ይችላልና ከወዲሁ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ደብዳቤውን በጀልባ ማቆሚያው ሰሌዳ ላይ መለጠፌም ክቡርነትዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ መዝገብ ቤትዎ የገባ ወረቀት እንደ ሰጠመ ሰው ቶሎ ስለማይገኝ ነው።

1ኛ፦ ድሮን ስላመጡልን አመሰግናለሁ። ቀድሞ የነበረችን ነፍስ አድን ጀልባ በእርግጥም ነዳጅ ትበላ ነበር፣ ትጮህ ነበር፣ ቀለሟም ተልጦ ለዓይን ታስጠላ ነበር። ክቡርነትዎ ከውሃ አስወጥተው ከቢሮዎ ጀርባ ካስገለበጧት ወዲህ የጥበቃዎቹ ልብስ ማስጫ ሆና እያገለገለች ነው። ነጂዋም ሥራ አልፈታም፤ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ከሐይቅ ሲያወጣ የኖረው ሰውዬ አሁን ከሐይቁ በባልዲ እየቀዳ ጽጌረዳዎቹን ያጠጣል። እውነቱን ለመናገር ጽጌረዳዎቹ አምረዋል።

በድሮኑ ምርቃት ዕለት ሁላችንም ዳር ወጥተን እንድንሰለፍ በድምፅ ማጉያ ተነገረን። «በአጠገባችሁ ሲያልፍ እጃችሁን አንሥታችሁ አውለብልቡ፤ ከላይ ሲታይ ያምራል» ተባልን፤ አውለበለብን። ታናሽ ወንድሜ፣ ከዳር ወደ ማዶ ሰው የሚያሻግረው ጀልባ ነጂ፣ ጀልባው ላይ ቆሞ በሁለት እጁ ሲያውለበልብ ሚዛኑን ስቶ ውሃ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው፤ እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ልብስ የሚያጥበውም፣ መረብ የሚጥለውም፣ ልጅ አዋቂው ድሮን ባየ ቁጥር እጁን ማንሣት ለመደ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እኛን የሚያሳስቀን ደግሞ ከላይ መጣልን።

2ኛ፦ «ድሮንን ከውሃ በላይ በጥንቃቄ ስለማብረር» የሚለውን፣ በመስታወት ተሸፍኖ በርዎ ላይ የተሰቀለውን መመሪያ ስላወጡ አመሰግናለሁ። ፊት ለፊቱ ስለምውል በቃሌ ይዤዋለሁ። ድሮኑ ወደ ውሃው ዝቅ አይበል፤ የረጋ ውሃ ከሆዱ ሥር ያለውን ዓይኑን ያታልልበታልና። ነፋስ ሲነሣ ይመለስ። ባትሪው አልቆ ሳይሆን ገና ሲጋመስ ይመለስ። የሚያርፍበት ቦታ የሚወዛወዝ ጀልባ ሳይሆን ደረቅ መሬት ይሁን። ቢወድቅ እንኳ እንዳይሰጥም እግሮቹ ላይ ብርቱካናማ መንሳፈፊያ ይታሰርለት። ከሰው ራስ በላይም አይብረር። ወይ ጥንቃቄ! እኔን እናቴ እንኳ እንዲህ ሳስታ አላሳደገችኝም።

መንሳፈፊያው በበርሜል ውሃ ሲፈተን ከጃንጥላዬ ሥር ሆኜ አይቻለሁ። ድሮኑ በርሜሉ ላይ እንደ ዳክዬ ተንሳፈፈ፤ ሠራተኞችዎም አጨበጨቡ። በወንድሜ ጀልባ ውስጥ የነበረው የመንሳፈፊያ ጃኬት ግን አንድ ብቻ ነበር። እሱንም ቢሆን አጥፎ ይቀመጥበት ነበር፤ ጥፋቱን አልሸሽግለትም። የተቀደዱት ሌሎቹ እንዲተኩ ጀልባ ነጂዎቹ በእኔው እጅ ያስጻፉት ማመልከቻ «ይታያል» ተብሎ ነበር የተመለሰው። እስካሁን እየታየ ይሆናል።

3ኛ፦ ስለዚያች ቀን። እዚህ ላይ ምስጋናውን ትንሽ ላቆየው።

ነፋሱ ድንገት ተነሣ። የወንድሜ ጀልባ ከማዶው ዳር ብዙም ሳይርቅ ሞተሩ ጠፋ፤ ማዕበል በጎኑ መታውና ገለበጠው። ተሳፋሪዎቹ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ እንዲሁም ገበያ የሚሄዱ ባልና ሚስት ነበሩ። ከሁሉም የተረፈችው ልብስ ሰፊዋ ብቻ ናት፤ ያንን መቀመጫ የነበረ ጃኬት ወንድሜ ለእሷ አጥልቆላት ነበር። እሷ እንደነገረችኝ፣ ወንድሜ ባልና ሚስቱ የተንጠለጠሉበትን ሳንቃ እየገፋ፣ እሷንም «በርቺ እህቴ፣ ቀርበናል» እያለ ወደ ሸምበቆው ይዋኝ ነበር። ሸምበቆው ይታያቸው ነበር። እንደርስ ነበር ትላለች፤ ይህን ስትናገር ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ነው የምትለው። ከዚያ ድሮኑ መጣ።

ወንድሜ ሲያየው መዋኘቱን ተወ። «ተመስገን፣ ታየን! አሁን ይመጣሉ። ጉልበታችሁን አትጨርሱ፣ እጃችሁን አንሡ» አላቸው። አነሡ። ድሮኑም በመመሪያው መሠረት ከሰው ራስ በላይ ላለመብረር ፈንጠር ብሎ ቆመና ተመለከታቸው። እነሱ ክንዳቸው እስኪዝል አውለበለቡ፤ እሱ ተመለከታቸው። በኋላ ነፋሱ በረታ፣ ባትሪውም ተጋመሰ፣ ድሮኑ ዞሮ ወደ ቤቱ ሄደ። «ሰው ሊጠራልን ሄደ አልን» ትላለች ልብስ ሰፊዋ። ማዕበሉ ከሸምበቆው መልሶ ወደ መሐል ሲወስዳቸው ወንድሜ «አሁን፣ አሁን» ይል ነበር። የመጨረሻ ቃሉም እሱው ነው።

የድሮኑ አብራሪ፣ ይህን እመሰክርለታለሁ፣ ለቅሶ ቤት መጥቶ በሩ ሥር ተቀምጦ ሁሉንም ነገረኝ። ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ታንጸባርቅበት ነበር። ውሃ ውስጥ ያሉ ሰዎች እጃቸውን ሲያውለበልቡ አየ፤ ዋና የወጡ ሰዎች ሰላም አሉኝ ብሎ ደስ አለው፤ ፎቶ አነሣቸው፤ ድሮኑ በሰላም ሲያርፍ አጣጥፎ ሻንጣው ውስጥ አስገባው። ምን ልፈርድበት? እጅ ማንሣት ሰላምታ ነው ተብሎ የተነገረው ለእኛም ለእሱም በአንድ ድምፅ ማጉያ ነው። ሲያለቅስ ውሃ ያቀበልኩት እኔው ነኝ።

ክቡርነትዎ ለቅሶ አልደረሱንም፤ ሥራ እንደሚበዛብዎት እናውቃለን። ቢሮዎ ድረስ በመጣሁ ጊዜ ግን «ድሮኑ ከመመሪያው አንዱንም አልጣሰም» ብለው አጽናንተውኛል። በመጽሔትዎም ላይ «ኃይለኛ ነፋስ ተቋቁሞ ያለ አንዳች ጉዳት ተመለሰ» የሚል ዜና አንብቤአለሁ። እንኳን ለቤቱ አበቃው። በዚያ ቀን ከሐይቁ ላይ ያለ አንዳች ጉዳት የተመለሰ እሱ ብቻ መሆኑን ዜናው ሳይጠቅስ ማለፉ ከትሕትናዎ የመነጨ ይመስለኛል።

ቁጥሩ እዚህ ላይ ይቁም። የቀረው ነገር በቁጥር አልገባ አለኝ።

ከቢሮዎ ስወጣ ጸሐፊዎ፣ ባዶ እጄን መሄዴ አሳዝኗት መሰለኝ፣ በላስቲክ የታሰረ የጽሕፈት ቤቱን አዲስ የቀን መቁጠሪያ ሰጠችኝ። ቤት ወስጄ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። የወንድሜ ልጅ፣ እናቷ ቀድማ ስለሞተችባት አሁን ከእኔ ጋር የምትኖረው፣ ገጾቹን ስትገልጥ ድንገት አንዱ ላይ ቆመች። ከላይ የተነሣ ፎቶ ነው፤ ውሃ፣ ከውሃውም ውስጥ የተዘረጉ እጆች። ከሥሩ «ነዋሪዎች ለአዲሱ ድሮናችን ደስታቸውን ሲገልጹ» ይላል። ከመሐላቸው ሰማያዊ ኮት የለበሰው፣ ሁለቱንም እጆቹን ያነሣው ሰው ክርኖቹ ላይ ቢጫ ጨርቅ ተጥፎበታል። ያንን ጨርቅ የጣፈችው እሷ ናት።

«አጎቴ፣ አባዬ ነው» አለች። እኔ፣ ለሰው ሁሉ ቃል የምሸጠው ሰውዬ፣ መብራቱን ወደ ሥዕሉ አስጠጋሁ።

ከሥዕሉ ጥግ ላይ አንድ ጥቁር ነገር አለ። ድንጋይ ይመስላል። ድንጋይ አይደለም፤ የተገለበጠው ጀልባ ነው፤ ሥዕሉ ሲቆረጥ ጫፉ ቀርቶ ነው። የቆረጠው ሰው ሳያይ ቆርጦት ከሆነ ዓይኑን ይግለጥለት። አይቶ ከሆነ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ከማን ጋር እንደምንኖር ከወዲሁ ብናውቀው ደግ ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ ሆዴ እምቢ አለ። የቀን መቁጠሪያው በቲኬት መስኮቱ፣ በክሊኒኩ፣ በልጅቷ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ሳይቀር ተሰቅሏል። ያ ገጽ የሚገለጠው በሚመጣው ወር ነው፤ በነፋሱ ወር። ያን ጊዜ አባቷ በየሄደችበት እጁን አንሥቶ ይጠብቃታል።

ነፋሱ ደግሞ ወሩን አልጠበቀም። ይህን ስጽፍ ወረቀቴን በድንጋይ ይዤ ነው። ከጃንጥላዬ ሥር ሐይቁ ይታየኛል፤ መሐሉ ጠቁሯል፤ ትናንትም ጠቁሮ ነበር። የልጅቷ ትምህርት ቤት ማዶ ነው። ዙሪያውን የሚዞረው መንገድ በጎርፍ ከተቆረጠ ወዲህ በየጠዋቱ በጀልባ ትሻገራለች፤ ቅሪ እንዳልላት አባቷ ሲደክም የኖረው ለዚሁ ትምህርት ነው። ጀልባው ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆሜ አያለሁ፤ ከዚያ በኋላ የምጽፈው ማመልከቻ ሁሉ ስሕተት ይበዛበታል። ደንበኞቼ ማጉረምረም ጀምረዋል።

ከትምህርት ስትመለስ ከጥልቁ ወዲህ ባለው ዳር ዋና አስተምራታለሁ። የመጀመሪያው ትምህርቴ አጭር ነው፤ ድሮን ስታዪ እጅሽን አታንሺ፤ ዋኚ። ትናንት ድሮኑ ባጠገባችን ሲያልፍ ዳር የነበሩት ሕፃናት ሁሉ እየዘለሉ አውለበለቡለት። እሷ ብቻ እጇን ኪሷ ውስጥ አድርጋ ቆመች። አንዲት እናት «ምነው ይህች ልጅ፣ ኩራቷ!» ስትል ሰማሁ። የሴትዮዋም ልጆች በዚያው ጀልባ ነው የሚሻገሩት።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው። ከቢሮዎ ጀርባ ያለችውን ጀልባ ቀና አድርገው ወደ ውሃዋ ይመልሱልን፤ ነጂዋንም ከባልዲው ያላቅቁልን። የጥበቃዎቹ ልብስ አጥር ላይም ይደርቃል፤ ጽጌረዳዎቹም ቢጠወልጉ ለቅሷቸውን እኔ እቀመጣለሁ። ይህ የማይቻል ከሆነ ሁለተኛው ልመናዬ ለክቡርነትዎ እጅግ ይቀላል። ድሮኑን አይላኩብን። ሰው በሚሰጥምበት ቀን እባክዎን ከሻንጣው አያውጡት። ማንም እንደማይመጣ ካወቅን እኛ እንዋኛለን። ወንድሜ ዋና ስላልቻለ አልሞተም፤ የሚመጣ ሰው ያለ መስሎት ነው የሞተው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለድሮንዎ የረጋ አየር፣ ለጽጌረዳዎችዎ የማይነጥፍ ውሃ እየተመኘሁ፣ ነገም እንደ ወትሮው መኪናዎ ሲገባ ከወንበሬ ተነሥቼ ባርኔጣዬን ካወለቅሁ በኋላ እጆቼን ቶሎ ወደ ኪሴ የምመልስ፣

ታዛዥ ጎረቤትዎ፣
ከበርዎ ፊት ለፊት ያለው ማመልከቻ ጸሐፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለነፋሱ ወቅት ለልጅቷ የዝናብ ኮት ገዝቼላታለሁ። ከአባቷ ኮት የተረፈውን ቢጫ ጨርቅ አውጥታ ክርኖቹ ላይ ጣፈችበት። አዲስ ኮት ለምን ይጣፋል ብላት «ከላይ ሲያዩኝ እንዳይሳሳቱ» አለችኝ። ስለዚህ ለአብራሪዎም፣ ሥዕል ለሚቆርጠው ሠራተኛዎም ይንገሩልኝ። ቢጫ ክርን ከውሃው በላይ ካዩ፣ ልጅቷ መዋኘት አቅቷት ነው እንጂ ሰላም እያለችዎት አይደለም።