ጥያቄያችንን ለሟች ስለመራችሁልን

ለድምፅ አንባቢው የጋራ ኮድ ጠባቂ ኮሚቴ
ባላችሁበት

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፤

ጤናችሁ እንደ አዳዲሶቹ ኮምፒውተሮቻችሁ ያለ እንከን እንዲሰነብት እየተመኘሁ፣ እኔ ተራው ኮምፒውተር ጠጋኝ ይህን በታላቅ ትሕትና እጽፍላችኋለሁ። የምትጠብቁት ኮድ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ፣ ማንም በነጻ ወስዶ የሚጠቀምበት ነው። ታላቅ እህቴ ዓይነ ስውር መምህርት ስትሆን፣ እንደ እሷው በጆሯቸው የሚያነቡ ተማሪዎቿ በአሥራ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች ይማራሉ። ኮዱን ማሽን ወደሚያሄደው ፕሮግራም እየለወጥኩ፣ በእናንተ ቋንቋ እየገነባሁ፣ የምጭንላቸው እኔ ነኝ። የድሮውን አንስቼ አዲሱን እትማችሁን ልገነባ ስል ግንባታው እምቢ አለ፤ ወደ ድሮው እንዳልመለስ ደግሞ ለጽዳት ስትሉ ከማከማቻችሁ አጥፍታችሁታል። ክፍሉ ጸጥ አለ። ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1ኛ. ግንባታው ገና ሲጀምር በሰብሳቢያችሁ የግል ኮምፒውተር ላይ ያለ ፎልደር ይፈልጋል። እህቴ ክፍል ውስጥ ባለመገኘቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ያለ ነገር በዓለም ሁሉ አለ ብሎ ማመን የዋህ ልብ ይጠይቃልና ሰብሳቢውን አደንቃለሁ።

2ኛ. አንዱን ፋይል በእንግሊዝኛ ትልቅ ፊደል ሰይማችሁ በትንሽ ፊደል ትጠሩታላችሁ። የእናንተ ማሽን በደግነት ያልፈዋል፤ የእኛው ግን እንዲህ ያለ ፋይል አላውቅም ብሎ ይቆማል።

3ኛ. እነዚህን ሁለቱን አስተካክዬ ስቀጥል፣ ፕሮግራሙ በአሮጌ ፕሮሰሰር ላይ ገና ሲነሳ ይሞታል። ብጽፍላችሁ «እኛ ጋ ይሠራል» የሚል መልስ ላካችሁልኝ። እንኳን ደስ አላችሁ።

4ኛውን ግን እንደ ሌሎቹ በአጭሩ መጻፍ አቃተኝ።

በእኔ ተስፋ ስትቆርጥ እህቴ ራሷ ጻፈችላችሁ። መልሳችሁ ሲደርስ ሱቄ ውስጥ ነበርን፤ ስልኳም «ጥያቄዎ ለክፍሉ ኃላፊ ተመርቷል፤ በቅርቡ ይመልሱልዎታል» ብሎ የኃላፊውን ስም አነበበ። የባሏን ስም። ኮዱ በየትኛውም ማሽን ላይ እንዲሠራ የሚያደርገውን ክፍል የጻፈው እሱ ነበር፤ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። ብሎን የምፈታበትን ካቻቢቴ አስቀምጬ ስልኩን ተቀበልኳት።

«ድገመው» አለችኝ።

«እታለም፣ ማሽን ነው እኮ። ስሙን ከዝርዝሩ ሳያወጡት ቀርተው ነው።»

«አውቃለሁ። ድገመው።»

ከዚያ ወዲህ በየሰኞው «ኃላፊው አልመለሱም፤ በትዕግሥት ይጠብቁ» እያላችሁ ስሙን ላካችሁልን። እሷም በየሰኞው መጥታ መስኮቱ ሥር ትቀመጥ ጀመር። መጀመሪያ «ምን አለ?» ስትለኝ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። በአራተኛው ሰኞ ግን ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ፣ እግር የሚሰማ ሰው መስላ ስትጠብቅ አየኋት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም በሩን ማየት ጀምሬ ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት እህቴ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ማንም እንዳይነካው ከልክላ ያኖረችውን ኮምፒውተሩን በገዛ እጇ ከፈተችልኝ። የድሮው ኮድ እዚያ ነበር። ከእናንተው ጋር ሳስተያየው «ትርፍ» ብላችሁ የሰረዛችኋቸውን አሥራ አንድ መስመሮች አገኘሁ። በላያቸው ላይ እንዲህ የሚል ማስታወሻ ትቷል፦ «ይህ ትርፍ ይመስላል። አትሰርዙት። ባለቤቴ በአሮጌ ማሽን ነው የምታስተምረው።»

አነበብኩላት።

«ባለቤቴ ነው ያለው?»

«ባለቤቴ ነው ያለው፣ እታለም።»

«እንግዲያው መልሷል» አለችና ስልኳን አጠፋች።

መስመሮቹን መለስኳቸው፤ አሥራ ሁለቱም ኮምፒውተሮች ማንበብ ጀመሩ። ማስተካከያዬን ብልክላችሁ እንዲያጸድቀው ለሟቹ መራችሁት። እጅግ ታማኝ ሠራተኛ እንደነበር እኔም እመሰክራለሁ፤ ቢሆንም ከዚህ በላይ አታድክሙት፤ በክብር አሰናብቱልን።

ለማይናወጠው መተማመናችሁ እጅ እየነሳሁ፣ ከማከማቻችሁ የጠፋውን ሁሉ በጓዳው የሚያስቀምጥ ትሑት አገልጋያችሁ፣
ኮምፒውተር ጠጋኙ

ማስታወሻ፦ እህቴ የተስተካከለውን ኮድ በራሷ ስም ለሁሉም ክፍት አድርጋዋለች። ትናንት ከራሳችሁ ጽሕፈት ቤት አንድ ጥያቄ ደረሳት፤ የእናንተው ኮድ በሰብሳቢው አዲስ ኮምፒውተር ላይ አልገነባ ብሏችኋል አሉ። በአንድ ሰዓት ውስጥ መልሳላችኋለች፤ በሕይወት ያለ ሰው ሲመልስ እንዲህ ነው።