የስድስት ሰዓቱ ጎብኚ

ለምወድህ ወንድም ዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ፣ ወይስ ዛሬም ያንን የመኪና ሞተር ብቻዬን ካላነሳሁ እያልክ ጋራዡን ታስቸግራለህ? የእማዬ ዓይን እንዴት ነው? ባለቤትህስ ደህና ናት? ትንሿ ልጅህስ ጥርሷን አብቅላ ጨረሰች? ስለኔ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር ውሸት ይሆንብኛል። ጤናዬ ደህና ነው፤ እኔ ግን ደህና አይደለሁም። ሦስት ጊዜ ደውዬልህ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁ። ስለዚህ ልጽፈው ቆረጥኩ፤ ወረቀት ላይ ድምፅ አይንቀጠቀጥም።

አባዬ በተቀበረ በሳምንቱ፣ በየቀኑ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ስልክህ ላይ መልእክት መምጣት እንደጀመረ ጽፈህልኝ ነበር። «ውድ ሻለቃ፣ አባትዎ ለነገ ጠዋት በክሊኒካችን ቀጠሮ ይዘዋል። እባክዎ አብረዋቸው ይምጡ» ይላል አልክ። ክፉ ቀልደኛ ነው ብለህ ነበር። ግን በልጅነትህ የሰፈሩን ልጆች ሰልፍ ስላስያዝክ ሻለቃ እያለ የሚጠራህ አባዬ ብቻ ነው፤ ያ ነገር እንቅልፍ ነሳህ። ቁጥሩን ልትዘጋው ስትል ደግሞ እማዬ እጅህን ያዘችህ። አሁን በየማለዳው የአባዬን ኮት ተኩሳ፣ ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ክሊኒኩ በር ላይ ትቆማለች። ቀጠሮ የያዘ ሰው መጥቶ ባዶ በር ማግኘት የለበትም ትላለች አልክ።

ወንድም ዓለም፣ ያንን መልእክት ያስላክሁት እኔ ነኝ። ስደበኝ፣ ግን መጀመሪያ ጨርሰህ አንብበው።

ሥራዬን «ኮምፒውተር ፊት ተጎልቶ ድረ ገጽ መጠበቅ» ትለው የለ? ከእውነቱም ብዙ አልራቅክም። መሥሪያ ቤታችን ለክሊኒኮች የቀጠሮ መያዣ ድረ ገጽ ይሠራል፤ የእናንተ ሰፈር ክሊኒክም አንዱ ነው። የኔ ድርሻ ገጹ ለመከፈት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ መለካት ነው። ይህን ሁልጊዜ በእጅ መሥራት ስለሚያሰለች፣ ሌሎች ባለሙያዎች ጽፈው ለሁሉም ያስቀመጡት የኮድ ስብስብ አለ፤ ላይብረሪ እንለዋለን። በእሱ ላይ ጥቂት መስመር ስጨምርበት ማሽኑ ራሱ እንደ ሰው ገጹን ይከፍታል፣ ቅጹን ይሞላል፣ የፈጀበትን ሰከንድም ይመዘግባል።

ታዲያ ማሽን ችኩል ነው። አለቃዬ «ታካሚዎቹ ሽማግሌዎች ናቸው፤ በሽማግሌ እጅ ለኪልኝ» አለኝ። ባለፈው ዓመት ለእረፍት ስመጣ አባዬን ኮምፒውተሬ ፊት አስቀምጬ ቀጠሮ ያዝልኝ ያልኩት ለዚህ ነበር። ስክሪኑ ላይ የማውሱን ቀስት እንደ ወደቀ መርፌ ሲፈልግ፣ አንዱን ፊደል ሦስት ጊዜ ሲያጠፋ፣ መነጽሩን ሊጠርግ ሲቆም፣ ሁሉንም ቀረጽኩት። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ አባዬን ሆኖ ገጹን ይጎበኛል። የሚገባው ግን ለሙከራ ብቻ ወደ ተሠራው የገጹ መለማመጃ ቅጂ ስለነበር እዚያ የተያዘ ቀጠሮ የትም አይደርስም።

አባዬ ሲያርፍ ለቀብሩ አልደረስኩም፤ ከዚያም ዛሬ ነገ እያልኩ ቀረሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ የፈራሁት መንገዱን ሳይሆን እሱ የሌለበትን ቤት ነው። በዚያው ሳምንት ሥራዬን ወደ አዲስ ማሽን ሳዛውር፣ በፈዘዘ ዓይኔ አንዲት መስመር ተሳሳትኩ፤ በመለማመጃው አድራሻ ፈንታ የእውነተኛውን ገጽ አድራሻ ጻፍኩ። ሌላ ሰው እንዲህ ሲሳሳት ባገኘው ጆሮውን ነበር የምጎትተው።

ደብዳቤህን እንዳነበብኩ ነገሩ ገባኝ። ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ፣ ማሽኑ የሚሠራውን ስክሪኑ ላይ እንዲያሳየኝ አዝዤ ተቀመጥኩ። እስከዚያ ቀን ቁጥሩን እንጂ ሥራውን አይቼ አላውቅም። ክፍሉ በፀሐይ ተሞልቷል፤ ማውሱን የነካው የለም። ቀስቱ ብቻውን ተነሣ። ዞረ፣ ቁልፉን አለፈው፣ ተመለሰ፤ ቁርጥ አባዬ።

ከዚያ «ሲቸግር የሚጠራ ሰው» የሚለው መስመር ላይ ደረሰ፤ ቀጠሮ ሲያዝ መልእክቱ የሚላከው እዚያ ለተጻፈው ሰው ነው። ያኔ አባዬ ይህን ሲሞላ እኔ በረንዳ ላይ ቆሜ ከመሥሪያ ቤት የተደወለልኝን ስልክ እያነጋገርኩ ስለነበር አላየሁትም። «ቁንጥንጥ» ብሎ ጻፈ፤ አንድ ቦታ አልቀመጥ ስል ያወጣልኝን ስም። ስልክ ቁጥሬንም አስከተለ። ከዚያ አርባ ሰባት ሰከንድ ምንም አልነካም። ይህን አርባ ሰባት ሰከንድ ሪፖርቱ ላይ ስንት ጊዜ አይቼ፣ ገጹ ደህና ነው፣ ጎብኚው ነው የዘገየው ብዬ አልፌዋለሁ! ቀጥሎ ፊደል በፊደል አጠፋኝና «ሻለቃ» ብሎ ያንተን ቁጥር ጻፈ። አልፈረድኩበትም፤ ሲቸግር ሩቅ ያለ ሰው አይጠራም። ክፍሉ ውስጥ የተኛ ሰው ያለ ይመስል በእግሬ ጣት ወጣሁ።

ማክሰኞ ለአለቃዬ ጥፋቴን ተናገርኩ። ቀረጻውን ከነኮዱ ሰረዝኩት፤ የጥገና ባለሙያው ደግሞ ማሽኑን ከሶኬቱ ነቀለው። ክሊኒኩም በአባዬ ስም የተያዘውን ቀጠሮ ሁሉ ሰረዘ። ስሰርዘው ለመጀመሪያው ቀብሩ ባልደርስም ለሁለተኛው የደረስኩ መሰለኝ። ረቡዕ ስድስት ሰዓት መጣ፣ አለፈ፤ ምንም የለም። ተገላገልን አልኩ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ የኔ ስልክ ጮኸ። «ውድ ቁንጥንጥ፣ አባትዎ ለሰኞ ጠዋት በክሊኒካችን ቀጠሮ ይዘዋል። እባክዎ አብረዋቸው ይምጡ።» የጎብኚዎቹን መዝገብ ከፈትኩ። አንድ ጎብኚ ስድስት ሰዓት ላይ ገብቷል። ከየት እንደመጣ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። አንዲት መስመር ላይ አርባ ሰባት ሰከንድ ቆሟል። ከዚያ ምንም ሳያጠፋ «ላክ» የሚለውን ተጭኖ ወጥቷል። ሄጄ ማሽኑን ዳሰስኩት፤ ቀዝቃዛ ነው። ገመዱም እንደተጠቀለለ መደርደሪያው ላይ አለ።

ማን እንደሠራው አትጠይቀኝ፤ ፈርቻለሁ፣ ግን መሸሽ አላማረኝም። የአለቃዬን ፈቃድ ተቀብያለሁ። ይህን ደብዳቤ የያዘው የአውቶቡስ ሹፌር ነገ ይደርስልሃል፤ እኔ እሑድ እገባለሁ። የእስካሁኑ መልእክት የኔ ስህተት እንደነበር ለእማዬ ንገራት። የዛሬውን ግን እኔው እነግራታለሁ።

ለባለቤትህ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ሻለቃን ችላ በመኖሯ ሜዳሊያ ይገባታል። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። ጎረቤታችን እትዬ ባለሱቋንም እግዜር ይስጥልን በልልኝ፤ ክሊኒኩ በር ላይ ለእማዬ ወንበር እያወጣችላት እንደሆነ ጽፈህልኛል። የእማዬን እጅ ሳምልኝ። ኮቱን መልሳ እንዳትሰቅለው ንገራት። ሰኞ ጠዋት አብሬያት እቆማለሁ፤ የተጠራሁት እኔ ነኝ።

እህትህ ቁንጥንጥ
ከመሥሪያ ቤቴ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ ጎን
ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን