ሱጉሌ ተብሎ ስም ሲጠራ «አቤት» የሚል በመጥፋቱ የወጣ የሀዘን መግለጫ

የጅግጅጋ የሥዕል ታሪክ ወዳጆች ማኅበር፣ ለአሥራ አራት ቅጽ አንድ ቀን እንኳ ሳይቀሩ በክፍል አለቃነት ያገለገሉት ተማሪ ሱጉሌ ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. በሞት መለየታቸው በመረጋገጡ የተሰማውን ጥልቅ ሀዘን ለአባላቱ፣ ለአንባቢያንና ቅጾቹን እየተቀባበሉ ሲያነቡ ለኖሩ የቀብሪበያ መስመር ሚኒባስ ተሳፋሪዎች ሁሉ ይገልጻል።

ወሬውን ሰምታችሁ ነጠላ ለማዘቅዘቅ የተነሣችሁ እናቶች ግን ትንሽ ታገሡ። ተማሪ ሱጉሌ የሥጋ ሰው አይደሉም። የከተማችን ልጅ ኢቅራ ከ2013 ዓ.ም. ጀምራ በእጇ እየሣለች ያወጣችው «የአዲጋላው ስም ጠሪ» የተባለ ተከታታይ ማንጋ ዋና ሰው ናቸው። ማንጋ ጃፓኖች የሚያዘወትሩት፣ በሥዕል የሚነገር ታሪክ ነው። ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። ይህን የመጨረሻውን ቃል አንባቢ በልቡ ያኑርልን፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው።

የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አንቱ ይባላል ወይ የሚለው ጥያቄ በኮሚቴው ተነሥቶ ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር መምህርት ቢሻሮ፣ «በቁሙ አንተ ስንለው ኖረናል፤ ሲሞት እንኳ እናክብረው እንጂ፤ የአገሩም ወግ ይኸው አይደል?» በማለታቸው አንቱታው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ጸሎትን በተመለከተ ደግሞ ማኅበሩ የሁለቱም ሃይማኖት ልጆች ስብስብ ነውና፣ በወረቀት ላይ ለተወለደ ሰው ምን እንደሚደረስ ሁለቱም ወገኖች መልስ አላገኙም። ስለዚህ ሀዘናችን ለባዶ ወንበራቸው እንዲሆን ተስማምተናል።

ተማሪ ሱጉሌ በሀርሺን ከግመል አርቢ ቤተሰብ ተወልደው፣ ዘጠነኛ ክፍልን ለመማር አዲጋላ አጎታቸው ዘንድ መጡ። ትምህርት ቤቱ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጥር ጋር የተያያዘ ነው። ባቡሩ ከቆመ ዘመን ቢያልፍም፣ ለእሳቸው ዓይን ግን በየማለዳው ይደርስ ነበር። ከፉርጎው የሚወርዱት፣ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ የሞቱ የድሮ ተማሪዎች ናቸው። ገብተው ከሕያዋኑ መካከል ይቀመጣሉ። ሕጉ አንድ ነው፤ ከእነዚህ መናፍስት ስሙ ለሦስት ቀን ያልተጠራ ለዘለዓለም ይጠፋል። ተማሪ ሱጉሌም የክፍል አለቃ ሆነው የሁሉንም ስም በየቀኑ ሲጠሩ ኖሩ። መምህራኑ ባዶ ወንበር እያየ ስም የሚጠራ ልጅ ምን ነካው ቢሉም እሳቸው አልተዉም።

በአገልግሎት ዘመናቸው ካበረከቱት ጥቂቱ የሚከተለው ነው።

ኅዳር 2013። ቅጽ አንድ ወጣ። ተማሪ ሱጉሌ በመጀመሪያው ቀን ስማቸው ሲጠራ «አቤት!» ብለው በመነሣት ወንበር ገለበጡ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ መንፈስ ነበርና ጠቡ ከዚያ ጀመረ፤ ጓደኝነቱም እንደዚሁ።

የካቲት 2014። አንድ መንፈስ ፈተና ላይ ከተማሪ ሳሌም ሲገለብጥ ያዙት። ሳሌም የክፍሉ ጎበዝ፣ ያውም ሕያው ናቸው። ተማሪ ሱጉሌ ከሳሹም ጠበቃውም ሆነው፣ «የሞተ ሰው ምስክር ወረቀት ምን ያደርግለታል?» ሲሉ ያቀረቡት ክርክር በቀብሪበያ ሚኒባሶች ውስጥ ለአንድ ወር ሲያነታርክ ሰንብቷል።

በ2015። ቅጽ ሰባት፣ ስምንትና ዘጠኝ። በትምህርት ቤቱ ሜዳ ከአቧራ አውሎው መንፈስ ጋር ተዋጉ። ስለዚህ ውጊያ ከታች እንመለስበታለን፤ እሱም አላልቅ ብሎ ነበር።

ግንቦት 2016። ቅጽ አሥራ አራት። የባቡሩ ተቆጣጣሪ በሚይዘው የተሳፋሪዎች ዝርዝር ላይ የሳሌም ስም በስሕተት ገብቶ ተገኘ። ዝርዝሩ ላይ ያለ ሰው መሳፈር ግድ ነው። ተማሪ ሱጉሌ የሳሌምን ስም ሰርዘው የራሳቸውን ጻፉ፤ ባቡሩ ላይም ወጡ። በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ስም ተጠራ፤ «ሱጉሌ!» ተባለ፤ ወንበሩ ባዶ ነበር። ቅጹ እዚህ ላይ ያበቃል። አንባቢ ግን በቅጽ አሥራ አምስት ተመልሰው እንደሚመጡ አልተጠራጠረም። ኢቅራም ጀምራው ነበር።

ሙት ወቃሽ አያድርገን እንጂ፣ ማኅበራችን ምስጋና ብቻ ደርድሮ ቢቀመጥ ሥራውን አልሠራም። ከምስጋናው እንነሣ። የስም ጥሪው ነገር ብቻውን አንድ ሥራ ነው፤ ሰው ስሙን የሚጠራለት እስካለ እንደማይጠፋ ይህን ያህል አጥርቶ የነገረን የለም። መናፍስቱም አያስፈራሩም፤ ያረፍዳሉ፣ እርሳስ ይዋሳሉ፣ አይመልሱም። የአዲጋላ ነፋስ ሲሣል ገጹን የያዘ ሰው ዓይኑን ይጨፍናል። የሚኒባሱ ረዳት በር ላይ ተንጠልጥሎ የተሣለባት አንዲት ገጽ አለች፤ ረዳቶቹ በሙሉ «እኔን ነው» ብለው ተጣልተውባታል።

ጉድለቱስ? የሜዳው ውጊያ ሦስት ቅጽ ሙሉ ሲካሄድ የዕረፍት ማብቂያ ደወል አንዴ እንኳ አልተደወለም፤ ዘበኛው ምን ሲሠራ ነበር? የሒሳብ መምህሩ ጺም በአንዱ ገጽ አለ፣ በሌላው የለም። እሳቸውም መንፈስ ናቸው ማለት ነው ብለን ሁለት ቅጽ ጠብቀን፣ ለካ ሠዓሊዋ ረስታው ነው። ሰው ሁሉ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል፤ ኢቅራ ጣት መሣል ስላስቸገራት መሆኑን ደርሰንበታል። ሳሌም እስከ ቅጽ አሥር ድረስ ደብተር ከማዋስ በቀር ሥራ አልተሰጣቸውም። ዋናውና ከባዱ ጉድለት ግን የገጽ ቁጥር አለመኖሩ ነው። ይህን የምንለው በደረሰብን ነው።

የሞታቸው መንሥኤ እንደሚከተለው ነው። ሰኔ ላይ የኢቅራ እናት፣ ልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ ኢስተሂል፣ አሥራ አራቱን ቅጾች በአንድ ላይ ሰፍተው በሰማያዊ የደንብ ልብስ ጨርቅ ሸፈኗቸው። ስፌቱ ያማረ ነው። በሽፋኑ ላይ ግን በዚህም በዚያም በኩል አንድ ፊደል አልተጻፈበትም። መጽሐፉ የሥራውን ብርታትና ድካም መርምረው ለግድግዳ ጋዜጣችን እንዲጽፉ ለማኅበሩ ጸሐፊ፣ ለጡረተኛው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ለአቶ ሀብተየስ ተሰጠ። ከቁርአን ቤት የወጡ አባሎቻችን ይህን ሥራ በቀኝ ለመክፈት አስተማሪ አላስፈለጋቸውም። ዳዊት ደግመው ያደጉት ጸሐፊያችን ግን በግራ ከፈቱት።

ሐምሌ 20 የተለጠፈው ምርመራ ቃል በቃል እንዲህ ይል ነበር፦ «ዋናው ሰው በመጀመሪያው ገጽ ጠፍቷል። ዕርቁ ከጠቡ ይቀድማል፣ መልሱ ከጥያቄው። የተሰበረ መስኮት ድንጋይ ሲነካው ይድናል። ልጁ በታሪኩ ውስጥ በማደግ ፈንታ እያጠረ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ወዳጆቹን ጭራሽ አያውቃቸውም። ሠዓሊዋ ተሰጥኦ አላት፤ ከመጀመሪያው መጀመርን ግን አልተማረችም።»

ኢቅራ ያን ሰሞን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤቷን እየጠበቀች ነበር። ምርመራውን ቆማ አነበበችው። ሽማግሌ የጻፈው ነውና አልተከራከረችም። ከዚያ በኋላ ወደ ማኅበሩ ቤት አልመጣችም። ነሐሴ 28 ቀን ብቻ ገብታ፣ ከምርመራው ሥር በእርሳስ «ሱጉሌ ሞቷል። ቅጽ 15 የለም።» ብላ ጽፋ ወጣች። ማኅበሩ ሞቱን ያረጋገጠው ከዚህ ጽሑፍ ነው።

ስሕተቱ የተገኘው ጳጉሜን 2 ቀን ነው። መምህርት ቢሻሮ ነገሩ ስላልተዋጠላቸው መጽሐፉን ይዘው ጸሐፊው ዘንድ ሄዱ። ንግግሩ በቃለ ጉባኤ ተይዟል።

«ጋሽ ሀብተየስ፣ እስቲ ያሳዩኝ። ከየት ነው የጀመሩት?»

«ከመጀመሪያው ነዋ! ከየት ልጀምር?»

«መጀመሪያው የቱ ጋ ነው?»

ጸሐፊው ገልጠው አሳዩ። መምህርት ቢሻሮ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «ወይ ጉድ! እርስዎ እኮ ልጁን ከመቃብር ወደ አዋላጅ ነው የወሰዱት!»

«ታዲያ ሽፋኑ ላይ አይጻፍም?»

«እዚህ ውስጥ ሱጉሌ ያንን መንፈስ ‹ዶቆን› የሚለው ቦታ አለ። አግኝተውታል?»

«ሶማልኛ ነው ብዬ ዘለልኩት። ምን ማለት ነው?»

«ሞኝ። ቢያነቡት ኖሮ ይጠቅምዎት ነበር።»

ምርመራው በዕለቱ ከግድግዳ ተነሥቷል። የተጻፈውን ማንሣት ግን የሞተውን ማስነሣት አይደለምና፣ ማኅበሩ መስከረም 12 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጠቅላላ ስብሰባ ጠርቶ ኢቅራንና እናቷን በክብር ጋበዘ። መጡ። ኢቅራ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ቶሎ ለመውጣት ይመስላል። አቶ ሀብተየስ ተነሥተው፣ «ልጄ፣ ከመጀመሪያው መጀመርን ያልተማርኩት እኔ ነኝ። በሰባ አራት ዓመቴ!» አሉ። ቤቱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«አዎዌ፣» አለች፤ በሶማልኛ አያት እንደሚጠራው። «ይቅርታውን ተቀብያለሁ። ግን አሁን በቀኝ በኩል ጀምረው ያንብቡልኝ። ድምፅዎን ከፍ አድርገው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።»

ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ተነበበ። ወንበሩ በተገለበጠበት ቦታ አንባቢው ራሳቸው ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ውኃ ጠየቁ። በሜዳው ውጊያ መሐል አንዳንድ አባላት ወጥተው ሻይ ጠጥተው ሲመለሱ ውጊያው አላለቀም ነበር። ከቅጽ አሥራ ሦስት በኋላ ግን የወጣ የለም። ጸሐፊው የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረሱ። «ሳሌም!» «አቤት!» ቀጥሎ፣ «ሱጉሌ!»

እዚያ ላይ ድምፃቸው ቆመ። በሐምሌ ይህንኑ ገጽ በአንድ ዓይን አይተው ነበር ያለፉት፤ ያን ጊዜ ልጁን አያውቁትም ነበር። አሁን መነጽራቸውን አወለቁ። በቤቱ ውስጥ የነበርነው ስልሳ ሦስት ሰዎች በገጹ ላይ ያለውን ባዶ ወንበር አየን።

ኢቅራ ከበሩ ተነሥታ መጣች። መጽሐፉን ከእጃቸው ሳትወስድ ገለበጠችላቸው። «አሁን ደግሞ በእርስዎ መንገድ ይሂዱበት፣ አዎዌ። ፈጠን ብለው።»

ገጾቹን ከግራ እያገላበጡ ሄዱ። ባዶው ወንበር አለፈ። ልጁ ከባቡሩ ወረደ። የሳሌም ስም ከተቆጣጣሪው ዝርዝር ላይ ጠፋ። ውጊያው ተበትኖ አቧራው መሬት ላይ ተኛ። መስኮቱ ዳነ። ልጁም እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ የሁሉም መጨረሻ በሆነችው ገጽ ላይ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ተገትሯል። መምህሩ «ሱጉሌ!» ይላሉ።

«አቤት!» አለ ቤቱ በሙሉ። ወይዘሮ ኢስተሂልም ብለዋል።

ኢቅራ ያን ጊዜ ሳቀች። «እኔ ራሴ እንዲህ አድርጌ አንብቤው አላውቅም» አለች። ጥቂት ቆማ መጽሐፉን ካየች በኋላ ዞር ብላ፣ «ብዕር አላችሁ?» ስትል ጠየቀች። አቶ ሀብተየስ የማኅበሩን ብዕር ከደረት ኪሳቸው አውጥተው፣ «ክዳኑን እንዳትጥዪው» ብለው ሰጧት።

ስለዚህ ማኅበራችን፣ የተማሪ ሱጉሌ አርባ ቅዳሜ ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በማኅበሩ ቤት ሲታሰብ ሥራው በሙሉ ከግራ በኩል እንዲነበብ ወስኗል። አባላት ሲመጡ ታሪኩን በቀኝ በኩል አንብበው የጨረሱ መሆን አለባቸው፤ ልጁን ሳያውቁ መመለሱን ማየት ምን እንደሚመስል ከጸሐፊያችን ተምረናል። ስም ሲጠራ ሁሉም አቤት ይላል።

ለተማሪ ሳሌም፣ ለክፍል ጓደኞቻቸው፣ ከእንግዲህ ስማቸውን ማን እንደሚጠራላቸው ለሚጨነቁ መናፍስት፣ ለሀርሺን ቤተሰባቸውና ለመላው አንባቢ መጽናናትን እንመኛለን። ወንበራቸውን ማንም እንዳይቀመጥበት አደራ እንላለን።

ብዕሩ እስካሁን አልተመለሰም። ማኅበሩም እንዲመለስለት አይጠይቅም። ይህ መግለጫ በእርሳስ የተፈረመው ስለዚህ ነው።