ለምታለቅሰው ሴትዮ የሚሆን ስፒከር

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

የኢርፎኔ ቀኝ ጆሮ ዛሬ ጸጥ አለ። ሽቦውን አጠፍኩት፣ ጠመዘዝኩት፣ በስፌት ክር አሰርኩት... ወይ ፍንክች። ግራው ብቻ ቀረ። ኦፔራ በአንድ ጆሮ! ዘፋኟ ሴትዮ አለች፣ ቫዮሊኖቹ የሉም። ለካ ቫዮሊኖቹ በቀኝ በኩል ነበር የሚቀመጡት።

ሌላው እንደወትሮው። የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ዋልኩ። መብራት የለም። የእግር መኪናዬ ግን መብራት መኖር አለመኖሩን አታውቅም፣ ተመስገን።

ኦፔራ እንደምሰማ ሰፈሩ አያውቅም። ምን ብዬ ልንገራቸው? ከቤሩት ወርቅ ያመጣች አለች፣ ብርድ ልብስ ያመጣች አለች። እኔ የታመመ ወገብና አንዲት የምትጮህ ሴትዮ ይዤ መጣሁ። የቤሩቷ አሠሪዬ ማዳም ከምሳ በኋላ ቁም ሳጥን የሚያካክሉ ስፒከሮቿን ትከፍታለች፣ እኔ ሳህን አነሳለሁ። አብዛኛው ኦፔራ ባልና ሚስት ሲነታረኩ ነው፣ አልወደድኩትም። አንዱን ግን... የልጇን ሬሳ ያመጡላት እናት ናት። ማዳም በዓረብኛ ነገረችኝ። "ልጄ ሞተ" ነው የምትለው። ሌላ ቃል የላትም፣ ድምፅዋን ብቻ ነው ከፍ ዝቅ የምታደርገው። ሳህን እንደያዝኩ ቆሜ አለቀስኩ። ማዳም ዞር ብላ አየችኝና "መጀመሪያ ሳህኑን አስቀምጪ" አለች።

ያንን ድምፅ አንድ ጊዜ፣ በደህና ዕቃ፣ በገዛ ቤቴ ልስማው። ሌላ ምኞት የለኝም። (ውሸት ነው፣ አለኝ። ይሄ ግን ይቀርባል።)

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ዘከሪያ ሱቅ ሄድኩ። ስልክ ይጠግናል፣ ምንጣፍ ይሸጣል፣ የድምፅ ዕቃም የሚጠየቀው እሱ ነው።

"ለምን ዓይነት ዘፈን ነው?"

"ቀስ ላለ።"

"ለመዝሙር ነው በይኛ።"

"አይደለም።"

"ከመዝሙርና ከመንዙማ ሌላ ቀስ ያለ አለ እንዴ?"

ስልኬን ሰጠሁት። ከትንሿ ስፒከር ጋር አገናኘው። ሴትዮዋ ወደ ላይ ስትወጣ ስፒከሯ እየተንዘረዘረች ሄዳ ከጠረጴዛው ጫፍ ደረሰች። ዘከሪያ ቶሎ ዘጋና በሩን አየ።

"ማን ሞቶባት ነው?"

"ልጇ።"

"አላህ ያጽናት" አለ። አልሳቀም፣ ከልቡ ነው።

ከዚያ ትልቋን አመጣ፣ ባለ ቀለም መብራቷን። "ይቺ ደረት ትመታለች ወላሂ!" ደረት ምን ያደርግልኛል? ሴትዮዋ ደረቷን ራሷ ትመታለች፣ አጋዥ አትፈልግም። እኔ የምፈልገው ላይኛው ድምፅ የማይሰነጠቅበት ነው። እንዲህ ያለው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣ አለኝ። እስኪመጣ ጆሮው የተላጠ ትልቅ ሄድፎን በውሰት ሰጠኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

የእድራችን ዳኛ ጋሼ ለተጊዮርጊስ ቤቴ መጡ። በሩን ራሳቸው ዘጉት። ስንት ጊዜ ዩኒፎርም ሊያሰፉ የመጡ ሰውዬ፣ በር ዘግተው አያውቁም።

"ደጅይጥኑ አርፏል" አሉ።

ደጅይጥኑ የእትዬ አመተ ሥላሴ ልጅ። አንድ ልጅ። በጅቡቲ አድርጎ ወደ ሳዑዲ የሄደ፣ ከዚያ ወሬው የጠፋ። ጀልባዋ ተገልብጣ ኖሯል። አብሮት የነበረ የደሃና ወረዳ ልጅ ተርፎ ነው ወሬውን ያመጣው፣ ያውም በገና ሰሞን።

"ጾም ይፈታ፣ ዘመድም ከደሃና ይድረስ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ በንጋት፣ በወጉ መርዶ ይረዳሉ። አንቺ የግድግዳ ጎረቤት ነሽና አፍሽን ሰብሰብ ነው።"

"እስካሁን ማን ያውቃል?"

"ሁሉም።" ወደ ግድግዳው አዩና፣ "ከሳቸው በቀር" አሉ።

ግድግዳችን አንድ ነው። ሲያስሉ እሰማለሁ። አሁንም እያሳሉ ነው...

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ሄድፎን እንዲህ ጥሩ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። እትዬ አመተ ሥላሴ ብቅ ሲሉ ጆሮዬ ላይ አደርገዋለሁ፣ ሥራ የያዝኩ እመስላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ዛሬ ግን አላመለጥኩም። መጥተው ከፊቴ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እንደ ሁልጊዜው፣ "ከዚያ ከባሕር ማዶ ሰዎችሽ ወሬ የለም?" አሉ። ለሳቸው ባሕር ማዶ ማለት አንድ ቀበሌ ነው፤ ቤሩት የነበረ ሰው ሳዑዲ ያለውን ሳያውቅ አይቀርም።

"የለም እትዬ።"

"ያ ምንድነው ጆሮሽ ላይ?"

አደረግኩላቸው፣ ጨነቀኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ሰሙ።

"ምን ትላለች?"

ምን ልበል? ምን ልበል...

"ልጇ ከሩቅ አገር ሊመጣላት ነው።"

"ለደስታ ነው እንዲህ የምትጮህ?"

"የፈረንጅ ደስታ ነው እትዬ።"

"እንግዲህ በሰላም ያግባላት" አሉ። ሄድፎኑን በሁለት እጃቸው፣ እንደሚሰበር ነገር፣ መለሱልኝ።

ምላሴ በተቆረጠ።

ዓርብ፣ የካቲት 28

በአጥር በኩል፦ "ባንችዬ፣ የዚያች ሴትዮ ልጅ ገባ?"

"ገና ነው እትዬ።"

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ጽጽቃ ከተማ ደርሼ መጣሁ፣ ዩኒፎርም ላስረክብ። መንገድ ላይ ሴትዮዋን ልሰማ ብዬ ሄድፎኑን አጠለቅኩ። ሚኒባሱ ሙሉ አየኝ። አንዱ "አውሮፕላን ልታስነሣ ነው" አለ። ሳቁ። ይሳቁ።

ሄድፎን ለመኪና ከባድ ነው፣ ጆሮ ያልባል። ግን የመኪናውን ዘፈን ያፍናል፣ ይሄ አንድ ነገር ነው። ዘፈኑ ደህና ቦታ ላይ ሲደርስ ከጎኔ ያለችው ሴት ክንዴን ጎሸም አደረገች። አወለቅኩ።

"እትዬ አመተ ሥላሴ ተረዱ?"

"የማን... ከየት ታውቂያቸዋለሽ?"

"ኧረ አላውቃቸውም። ሲወራ ሰምቼ ነው።"

ጽጽቃ ደርሷል ማለት ነው። የማታውቃቸው ሴት ታውቃለች። መልሼ አጠለቅኩት፣ ሴትዮዋን ግን መስማት አልቻልኩም። እያንዳንዱ "ልጄ ሞተ" የተሰደብኩት ስድብ ሆነብኝ።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

"ገባላት?" "ገና ነው።" እኔን ብሎ ተርጓሚ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

ስፒከሩ መጣ! ጥቁር፣ እንደ ጡብ የከበደ፣ መብራት የሌለው፣ ደረት የማይመታ። ዘከሪያ ቅር ብሎታል። "ይሄ ምኑ ያምራል?" አለ። ሄድፎኑን መለስኩለት።

ስፒከር ከፍ አድርጎ ካልተከፈተ ስፒከር አይደለም። ከፍ ካደረግኩት እትዬ ይሰማሉ። ከሰሙ ደግሞ ያው ጥያቄ ይመጣል። ስለዚህ ዝቅ አድርጌ ትራስ አልብሼ ሰማሁት። የገዛሁት ስፒከር ነው፣ የምሰማው ትራስ። ከኢርፎኑ በምን ተሻለ?

ረቡዕ፣ መጋቢት 24

አሰብኩበት። መብራት ሰሞኑን የሚመጣው ንጋት ላይ ነው። እትዬ አመተ ሥላሴ ንጋት ላይ ለኪዳን ይወጣሉ፣ ጾሙ ከገባ አንድም ቀን አልቀሩም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እስከ መጨረሻው ከፍቼ እሰማታለሁ። ማንንም አልጎዳም።

ዓርብ፣ መጋቢት 26

ዛሬ መጻፍ አቃተኝ። ነገ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 27

ትናንት ወዲያ፣ ሐሙስ ንጋት፣ መብራት መጣ። የእትዬን በር ሲዘጋ ሰማሁ። የእኔን ቀረቀርኩ። ስፒከሩን ጠረጴዛ ላይ አደረግኩና እስከ ጥግ ከፈትኩት።

እውነቱን ልጻፍ፣ ግሩም ነበር። ቫዮሊኖቹ ተመለሱ። ሴትዮዋ ወደ ላይ ስትወጣ ስፒከሩ ንቅንቅ አላለም፣ የተንቀጠቀጠው የጣራዬ ቆርቆሮ ነው። ማዳም ቤት እንኳ እንዲህ አልሰማኋትም፣ እዚያ ሳህን ነበር። ደገምኩት። አለቀስኩ፣ ደስ እያለኝ።

ከኋላ የሚያጅቧት ሰዎች አሉ። ዛሬ በዝተዋል፣ ጥሩ ስፒከር ለካ ያልሰማሁትን ሁሉ ያሰማል ብዬ ገረመኝ። ዘፈኑ አለቀ። አጃቢዎቹ አላለቁም።

በሩን ከፈትኩ። የእትዬ አመተ ሥላሴ ደጅ ሰው በሰው ሆኗል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረት ይደቃሉ። "ደጅይጥኑ! ደጅይጥኑ!" በኽምጣኛም በአማርኛም። ጋሼ ለተጊዮርጊስ በአንድ እግር ጫማ ቆመዋል።

መርዶ በንጋት ነው። ከዚያ ግድግዳ በንጋት የሴት ጩኸት ተሰማ። ማን ይጠይቃል? አንዱ ችኩል ነግሯቸዋል ብሎ ሁሉም ከመኝታው ተነሥቶ ወጣ። እኔ ያሰብኩት እትዬ እንዳይሰሙ ነው። ሰፈሩ ይሰማል ብዬ አላሰብኩም። እትዬን ብቻ ነበር ስደበቅ የሰነበትኩት።

እሳቸው ከቤተ ክርስቲያን መጡ። ከመንገዱ ለቅሶውን ሰምተው፣ ለእኔ ቤት መስሏቸው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ነው የገቡ። ወጉ ነው፤ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ማን እንደሞተ ኋላ ይጠየቃል። ሰዉ ሲያያቸው ድምፁን ዋጠ። እሳቸው ግን ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡና አንገቴን አቀፉ። ፊታቸው እርጥብ ነው።

"እኔ ልሙት ባንችዬ፣ ማን ሞተብሽ?"

ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም። ቀና ብለው ዞር ዞር አሉ። ሰዉ የቆመው በሳቸው ደጃፍ ነው፣ በእኔ አይደለም። አንድ በአንድ ሁሉንም አዩ። ጋሼ ለተጊዮርጊስ ለዳግማይ ትንሣኤ ያዘጋጁት ንግግር ነበራቸው፣ አፋቸውን ከፈቱና ዘጉት።

"ሁላችሁም ታውቃላችሁ?" አሉ እትዬ።

ከዚያ ነው የጮሁት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 30

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እድሩ ተሰበሰበ። ወር ከወር ሰፈሩ ሙሉ ሲዋሽ ከርሞ፣ ተመክሮ ተመክሮ ጥፋተኛው ስፒከሩ ሆነ። ተፈረደበት፤ ከድንኳኑና ከድስቶቹ ጋር በእድሩ ዕቃ ቤት እንዲቀመጥ። ጋሼ ለተጊዮርጊስ "ለጥሪም ይሆነናል፣ ጥሩምባ ነፊያችን ጥርሱ አልቋል" አሉ። አልተከራከርኩም። ምን አፍ አለኝ?

የእትዬን ጥቁር ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ወስጄ ስሰጣቸው ተቀበሉኝ፣ ግን አላዩኝም። ውኃ ስቀዳላቸውም እንደዚያው። ሰው አንድ ግድግዳ ተጋርቶ እንዲህ ይራራቃል?

እሑድ፣ ሚያዝያ 12

ፋሲካ። በግድግዳው ወዲያ ድምፅ የለም። ሳል እንኳ የለም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

የደሃና ዘመዶች ትናንት ተመለሱ። ዛሬ ከሰዓት እትዬ አመተ ሥላሴ ሳይጠሩ ገቡ፣ ጥቁሩን ለብሰው። ያችው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የእጅጌው ስፌት አንድ ቦታ ጎብጧል፣ ዓይኔ እዚያ ላይ ሄደ። ፊታቸውን ላለማየት ነው።

"ያች ሴትዮ አለች?" አሉ።

ስፒከሩ የለ፣ ሄድፎኑ የለ። ኢርፎኑን ከመሳቢያ አወጣሁ። የሚሰማውን ግራውን ለሳቸው አደረግኩላቸው። ከፈትኩት።

ሰሙ። መርፌዬን ይዤ ቁጭ አልኩ፣ ምንም አልሰፋሁም። እኔ አልሰማትም፣ የት እንደደረሰች ግን ከፊታቸው አወቅኩ።

"ምን ትላለች?"

ፈራሁ፣ እውነት ፈራሁ።

"ልጄ ሞተ ነው የምትለው እትዬ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም። ከመጀመሪያም እሱን ብቻ ነው የምትለው።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። እስክትጨርስ ጠበቁ።

"ያን ለት እንዲህ ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አሉ። ቁጣ የለውም። ቁጣ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር። ይቅር ይበሉኝ አልኩ፣ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ትከሻዬን ይዘው አነሡኝ፣ ግን ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም።

"አገሩ ሁሉ ሲሸሽገኝ እሷ ናት የነገረችኝ" አሉ። "ቋንቋዋን ስላላወቅኩ ነው እንጂ።"

ኢርፎኑን ከጆሯቸው አላወጡትም።

"ድገሚልኝ" አሉ።

ደገምኩላቸው።