ያልተበላሸውን ስጠግን

ሐሙስ፣ የካቲት 9 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣ ለነጎድጓዴ፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮ ቀድሞ ይነግረኛል። ዛሬ የምጽፍልሽ የምሥራች ነው። ግን ቶሎ አልነግርሽም፤ አጎትሽን ታውቂኝ የለ?

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ። የባንድሽን ሙዚቃ የጫንሽበት ፍላሽ እንደደረሰኝ ሱቄ ውስጥ ትልቁ አምፕሊፋየር ላይ ሰካሁት። ጥርርር! «ወይኔ፣ ስፒከሩ ተቀደደ» አልኩ። ስፒከር ቀየርኩ፤ ያው ነው። አምፕሊፋየሩን ፈትቼ ካፓሲተሮቹን አንድ በአንድ ነቅዬ በአዲስ ተካሁ፤ ብሶበት ቁጭ! ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ሥራ አልሠራሁም። ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ሰውዬ፣ ያንን ነገር ወይ አድነው ወይ ግደለው፤ የደንበኛዬን ጆሮ ልቆርጠው ነበር!» ብሎ ጮኸብኝ። በመጨረሻ ደውዬ ፍላሹ ተበላሽቷል ብልሽ፣ «አጎቴ፣ እንዲያ እንዲሰማ እኮ አራት ሰው አንድ ወር ለፍቷል» ብለሽ ከት ብለሽ ሳቅሽብኝ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን ድምፅ ከሰው ሬዲዮ ውስጥ ሳባርር ኖሬ፣ የገዛ ልጃችን አገር አቋርጣ ሄዳ ታመርተዋለች!

እልህ ያዘኝና ባንድሽ የሚጫወተውን የሄቪ ሜታል ሙዚቃ ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ ነገሩ የተጠነሰሰው በኔው ሙያ ነው። ድምፁ አልሻክር ያላቸው ጊታር ተጫዋቾች የስፒከራቸውን ወረቀት በምላጭ ይሰነጥቁት ነበር። በኋላ ደግሞ ሬዲዮ ፊት ሲነሳቸው ወዳጆቻቸው ካሴት እየቀዱ በፖስታ ከአገር አገር ይላላኩ ጀመር። ያ በፖስታ የዞረ ጩኸት ነው ስታዲየም የሞላው። ከሁሉ የያዘኝ ግን የአንድ ፋብሪካ ሠራተኛ ታሪክ ነው። ሥራ በሚለቅበት በመጨረሻው ቀን የቆርቆሮ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ወሰደበት። ከእንግዲህ ጊታር በቃህ ተባለ። እሱ ግን የላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፣ ቆዳ ለበጠበት፣ እንዳያሳምመውም የጊታሩን ክር አላላው። ከላላው ክር ያ መሬት የሚያንቀጠቅጠው ከባድ ድምፅ ወጣ።

ይህን ሳነብ ማን ትዝ እንዳለኝ ታውቂያለሽ። አባትሽም የግራ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ለቆርቆሮ መቁረጫው ከሰጠ በኋላ ነው የኤሌክትሪክ ጊታሩን ግድግዳ ላይ የሰቀለው። አንቺ አውርደሽ ስትማሪበት የተቆጣው ጩኸቱን ጠልቶ እንዳይመስልሽ። «ከዚህ ጩኸት ጋር እንዳትደውዪልኝ» ብሎ ከሸኘሽ ሦስት ዓመት ሆነው።

ከሱቄ ጀርባ ወዳለው ወርክሾፑ ሄጄ ታሪኩን ነገርኩት። ቆርቆሮ እያጠፈ፣ ቀና ሳይል ሰማኝ።

«በምን ሠራው አልክ?»

«በላስቲክ።»

«ላስቲክ ያንሸራትታል።»

«ለዚህ ነዋ ቆዳ የለበጠበት።»

«አንተ ውሸታም ነህ» አለኝና መዶሻውን አነሳ።

በሳምንቱ የመሣሪያ ቦርሳዬን ማንገቻ ተቆርጦ አገኘሁት። ሁለት ጣት የማይሞላ ቆዳ ወስዶ ቦርሳውን ከነመሣሪያው ትቶ የሚሄድ ሌባ አይተሽ ታውቂያለሽ? ዝም አልኩ። እኔ ዝም ያልኩበትን ቀን ጽፈሽ አስቀምጪው።

ትናንት በጠራራ ፀሐይ የወርክሾፑ በር ተዘግቶ አየሁ። ጆሮዬን ለጠፍኩ። ያንቺ ዜማ! ፍላሹ ላይ ያለው ሁለተኛው፤ እየተደናቀፈ፣ እየቆመ፣ ግን ያው ራሱ። ለካ ሁለት ቀን ሙሉ እያስጮህኩ ስጠግን እሱ ከግድግዳው ማዶ ሲያጠና ኖሯል! በሩን ከፈትኩት። ጊታሩን ሊደብቅ ቃጣውና ተወው።

«ምን ትገተራለህ? ይሄ ነገር እንደሷ አልጮህ አለኝ። የተበላሸ አምፕሊፋየር የለህም?»

«ወንድም ጋሼ፣ ሁሉንም ጠግኛለሁ።»

«እንግዲያው አበላሽልኛ!»

ስጠግን የኖርኩት ሰውዬ በገዛ እጄ ምላጭ አንስቼ ጤነኛ ስፒከር ሰነጠቅሁ። ጊታሩን ሲሰካበትማ ምን ልበልሽ! ግድግዳውን የተደገፈው ቆርቆሮ ሁሉ አብሮ ዘፈነ። ፀጉር አስተካካዩ ከነመቀሱ፣ ደንበኛው ከነግማሽ ፀጉሩ ሮጠው መጡ። አባትሽ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በኔ ማንገቻ በተለበጡት ጣቶቹ፣ ዜማሽን ከዳር እስከ ዳር ተወጣው። ጎረቤቱ አጨበጨበ። «ሁለት ቦታ ስቻለሁ፣ ምን ያስጨበጭባል?» አለ፤ ፈገግታውን ግን መደበቂያ አጣለት።

በወሩ መጨረሻ በትልቁ መድረክ ከመውጣትሽ በፊት ስልክሽን እንዳትዘጊ። «ከበሮ መቺያቸው ይቸኩላል፤ ራሴ ደውዬ እነግራታለሁ» ብሏል።

አሁን በስልክ ልነግርሽ ያልደፈርኩትን ልንገርሽ። ያን ቀን የመቁረጫውን ፔዳል የረገጥኩት እኔ ነበርኩ። እያሳቅሁት ነበር። ቆርቆሮ ሥራ ትቼ ሬዲዮ ጠጋኝ የሆንኩት ከዚያ ወዲህ ነው። እሱ ለማንም ትንፍሽ አላለም፤ ለእናትሽ እንኳ። ትናንት ሰው ሁሉ ሲበተን ጊታሩን አስቀመጠና፣ «በል እንግዲህ፣ አንተም ያን እግርህን ከፔዳሉ ላይ አንሳው» አለኝ።

ጣቶችሽን ይጠብቅልሽ፣ ነጎድጓዴ። ስፒከርሽ ይሰንጠቅ እንጂ ልብሽ አይሰንጠቅ። ስትመጪ የቦርሳ ማንገቻ ይዘሽልኝ ነይ።

ጠጋኙ አጎትሽ፣
ከትናንት ወዲህ አበላሹ