የፈረመ አይወርስም

እኔ ፕሪሙስ ላውሴገር፣ በፌርላህ ከተማ የአደን ጠመንጃ ሰደፍ ጠራቢ ሆኜ የኖርኩ፣ ሳንባዬ በእንጨት ብናኝ ቢያልቅም አእምሮዬ እንዳልተነካ፣ የሚያስገድደኝም የሚያባብለኝም ሰው እንደሌለ አስታውቃለሁ። ዛሬ ኖቬምበር 14 ቀን 2011 ነው። ቀኑን ማንም ሳይነግረኝ ነው የተናገርኩት፤ ይህም ይጻፍልኝ። ልጄ ሮዝቪታ ኋላ "አባባ ቀኑም ጠፍቶበት ነበር" እንዳትል። በዚህ ክፍል የሚነገረው ሁሉ እንዳለ እንዲሰፍርም እፈልጋለሁ፤ ሁለት ጊዜ ለመናገር ትንፋሽ የለኝም።

የቃሌ ጸሐፊና አንደኛ ምስክሬ የሰበካችን ቄስ አባ ኤንገልበርት ናቸው። ሁለተኛዋ ሄርታ ሚሽኩልኒግ ናት፤ በጠመንጃዎቻችን ብረት ላይ አጋዘንና ወፍ ስትቀርጽ ዓይኗን የጨረሰች ባልደረባችን። ሦስተኛው ታናሽ ወንድሜ ካንሲያን ነው፤ አፈሙዝ ሠሪ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ከገባ ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገረኝም፤ እኔም አልተናገርኩትም። ሮዝቪታ ገና ተማሪ ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ እንዲሁ ነን፤ ዛሬ እሷ ግራዝ ውስጥ ትራም ትነዳለች።

ሕጉ ለእንዲህ ያለ ኑዛዜ ሦስት ምስክሮች ይፈልጋል፤ በምስክርነት የፈረመ ሰው ግን ከኑዛዜው ምንም አያገኝም። ካንሲያን ይህን ያውቃል። መጨረሻ ላይ ምርጫ አቀርብለታለሁ፤ ወይ ይፈርማል፣ ወይ ይወርሳል። እስከዚያ ይታገሠኝ። ምስክር ቢጎድል ዳቦ ጋጋሪው ጎረቤታችን ሲጠራ ለመምጣት ቃል ገብቷል፤ ማንም ተገድዶ አይፈርምም።

አንደኛ፤ ቤቱንና ጓሮውን ለሮዝቪታ ሰጥቻለሁ። አንድም ቀን ስላልጠየቀችኝ የእሷ ይሁን። ከቪየና እየተመላለሰ የሥራ ክፍሌን ቢራ ቤት ሊያደርግ የሚለማመጠኝን ሰውዬ ግን ደጃፉን አታስረግጠው። ግድግዳው ላይ የማይተኮስ ጠመንጃ ሰቅሎ ቢራ ሊቸረችር ነው ሐሳቡ። እኔ ከሄድኩ በኋላ የፈለገችውን ማድረግ መብቷ ነው፤ ይህን ግን ብታደርግ ቅር ይለኛል።

ሁለተኛ፤ ጣሪያ ሥር የሚደርቀው የዋልነት ጣውላ ከመሮዎቼ ጋር ለጠመንጃ ሥራ ትምህርት ቤቱ ይሁን። አባታችን የገዛው ነው። ዛፉ አልተቆረጠም፤ ከነሥሩ ተቆፍሮ ወጣ እንጂ፤ ያማረው መልክ ያለው ግንዱ ከሥሩ በሚጋጠምበት ላይ ነውና። አባታችን "አልደረቀም" እያለ ሳይነካው ሞተ። እኔም "ትንሽ ይቆይ" ስል አረጀሁ። እንግዲህ በቅቶታል፤ ጥረቡት።

ሦስተኛ፤ የጥላሸት ፋኖሴ ከእኔ ጋር ይቀበር።

እዚህ ላይ አባ ኤንገልበርት ብዕራቸውን አነሡ። "ፋኖስ? ምን ልታደርግበት? የምትሄድበት እኮ ብርሃን ነው ፕሪሙስ።"

"እርግጠኛ ነዎት አባ?" አለች ሄርታ። "እኔ ብሆን ክብሪትም እጨምርለት ነበር።"

ለብርሃን አይደለም። ሥራዬ ስለሆነ ነው። ብረቱን በፋኖሱ ጢስ አጠቁርና እንጨቱ ውስጥ እጫነዋለሁ። ሳወጣው ጥላሸት የቀረበት ቦታ ብረቱ የሚነካው ነው፤ እሱን ብቻ እፍቃለሁ። ደግሞ አጠቁራለሁ፣ ደግሞ እፍቃለሁ፤ ጥቁሩ በየቦታው እኩል እስኪያርፍ ድረስ። ዕድሜዬ በዚህ አለቀ። ባለቤቴ ኤርና፣ ነፍሷን ይማርና፣ በሠርጋችን ዋዜማ ጥፍሬን በሎሚ ፈትጋ ፈትጋ ሲያቅታት "በቃ፣ እንዳለህ አገባሃለሁ" ብላኛለች። ከዚያ ወዲያ እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን የለም።

አራተኛ፤ አኮርዲዮኔን ለሄርታ፤ እሷም ስለምትፈርም በውርስ ሳይሆን ዛሬ በቁሜ ሰጥቻታለሁ።

"ኧረ በማርያም!" አለች። "ዕድሜ ልኬን ድምፁን ስሸሽ ኖሬ?"

ለዚያ ነው። ከእሷ ጋር ከሆነ ማንም አይጫወትበትም፤ በሌላ ሰው እጅ ሲጮህ መስማት አልወድም። ሄርታ እኔንና ካንሲያንን ለማገልገል በአንድ ግድግዳ በሚለያዩት የሥራ ክፍሎቻችን በሮች መካከል እግሯ አልቋል፤ እንጨት ወደ እሱ፣ ብረት ወደ እኔ፣ ስድብ ደግሞ በሁለቱም በኩል ተሸክማለች። ስድቡን እንደምታለዝበው አውቃለሁ። አመሰግንሻለሁ ሄርታ፤ ቀደም ብዬ ልለው ይገባኝ ነበር።

"ምን ነካው ይሄ ሰውዬ?" አለች። ከዚያ መሐረብ ፈለገች።

አምስተኛ፤ በቀብሬ ላይ የሁለቱ አፈሙዞች ስብከት እንዳይሰበክ። አባ ኤንገልበርት በፌርላህ ሠርግ በተደገሰ ቁጥር "ባልና ሚስት እንደ ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን ሆነው አንድ ዒላማ ይመታሉ" ይላሉ። ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን ስለተቀመጠ ብቻ አንድ ቦታ አይመታም። ካንሲያን ጫፋቸው መካከል ሽብልቅ ያስገባና ይተኩሳል፤ ያጣበቃቸውን ቆርቆሮ አቅልጦ ሽብልቁን ለዓይን በማይታይ ልክ ይገፋና ደግሞ ይተኩሳል። ጥይቶቹ የሚገናኙት ትከሻው በልዞ፣ ጆሮው ደንቁሮ ነው።

አባ "ይኸን ሁሉ ጊዜ ስሰብከው ምነው ዝም አልከኝ?" አሉ።

"እንዳይከፋዎት ብዬ ነዋ" አልኳቸው። ካንሲያን በዚህ ጊዜ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ትከሻው ግን ተንቀጥቅጦ ነበርና መሳቁን አይቻለሁ።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ነገር ስለ ጠመንጃው ነው። ስለ ጠመንጃው ከመናገሬ በፊት ግን የተጣላንበትን ልናገር፤ ሰው ከሚያወራው የሆነው ይሻላል።

ለአንድ የዱር አሳማ አዳኝ የሠራንለት ባለ ሁለት አፈሙዝ በሁለተኛው ክረምት ተመልሶ መጣ፤ የግራው ጥይት ከቀኙ ርቆ ይወድቃል። እኔ "የካንሲያን ቆርቆሮ ለቋል" አልኩ። እሱ "የፕሪሙስ እንጨት እርጥበት ጠጥቶ አብጧል፣ አፈሙዙን እየገፋው ነው" አለ። ሁለታችንም ተናደድን። እሱ ብረቱን ወስዶ ቆርቆሮውን አድሶ አጣበቀ። እኔ በዚያው ቀን እንጨቱን ወስጄ ፋቅሁት። አንዳችን ለሌላው አልነገርንም። ተገጥሞ ሲተኮስ ሁለቱም ጥይቶች ተገናኙ። በየትኛው ጥገና እንደዳነ የሚያውቅ ፍጡር የለም፤ ሁለታችንም ግን እናውቃለን አልን። ይኸው ነው። ሰው ሲሰማው ያፍራል።

"እኔስ?" አለች ሄርታ። "ለእንጨቱም ለብረቱም ማልቀስ የደረሰብኝ እኔ ነኝ።"

ዛሬም ጥፋቱ ከብረቱ ነበር ብዬ አምናለሁ። ያን ሐሳቤን አልለወጥኩም። የለወጥኩት ሌላ ነው፤ ማን ልክ እንደነበረ ማሰብ ደክሞኛል። በዚህ በጋ አልጋ ላይ ስውል በግድግዳው በኩል የካንሲያን ሞረድ ሲሄድ እሰማ ነበር። ሲያቆም ምሳ ሊበላ መሆኑን አውቃለሁ። የሰዉ ሁሉ እግር ደረጃውን ሲወጣ አዳመጥኩ፤ የእሱን አልሰማሁም። ወንድሜ ናፍቆኛል። አባ፣ እንዳለ ይጻፉት።

ጠመንጃው ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው። ያዘዘው ሰው ሐሳቡን ለውጦ ቀረ፤ ስለዚህ የእኛው ሆነ። አፈሙዙ የካንሲያን፣ እንጨቱ የእኔ፣ በጎኑ ላይ ክንፏን የዘረጋችው የዱር ዶሮ የሄርታ ናት። ከዚያ የተሻለ ሠርተን አናውቅም። ካንሲያን ካልፈረመ ጠመንጃው የእሱ ይሁን፤ ያደነውን ያድንበት። ከፈረመ ከቤቱ ጋር ለሮዝቪታ ይተላለፋል። ሮዝቪታ ጠመንጃ ስለማትወድ ትሸጠዋለች፤ እሷን አልወቅሳትም። ወንድሜ ተነሥቶ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ቢወስደው አልቀየምም። ዛሬ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጦ ሰምቶኛል፤ የፈለግሁት ይኸን ያህል ነበር።

ይህን ካልኩ በኋላ ትንፋሽ አጥሮኝ ስለነበር ሄርታ ውኃ ሰጠችኝ። ካንሲያን ተነሣ። ቁም ሣጥኑን ከፈተ፤ ጠመንጃውን አውጥቶ ትከሻው ላይ አድርጎ በመስኮቱ በኩል ወደ ተራራው አነጣጠረ። ከዚያ አወረደውና እንጨቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ሊወስደው ነው አልኩ በልቤ። እሱ ግን ወደ ቦታው መልሶ ሣጥኑን ዘጋ፤ ወደ አባ ኤንገልበርት ጠረጴዛም ሄደ።

"አባ፣ ከፈረምኩ ምንም አላገኝም ማለት ነው?"

"ምንም።"

"መሮም? የጣውላ ቁራጭም?"

"ቁራጭም አታገኝም።"

"ከተማውስ ይኸን ይሰማል?"

"ሄርታ እያለች?" አሉ አባ። ሄርታ አላስተባበለችም።

"በሉ ብዕሩን ይስጡኝ" አለ ካንሲያን። "በጋውን ሙሉ እደረጃው ሥር ድረስ እየመጣሁ እመለስ ነበር። ብወጣ 'ሊሞት ሲል ለንብረቱ መጣለት' ይላሉ። የዚህን አገር አፍ ያውቁታል። አሁን ምን ይሉኛል? ባዶ እጄን ነኝ።"

ፈረመ። በእጁ ጽሑፍም "ምስክር" ብሎ ጨመረበት፤ ሕጉ ይጠይቃልና። ከዚያ ወንበሩን ከበሩ አጠገብ አንሥቶ አልጋዬ ዘንድ አመጣው፤ ተቀመጠም።

"ነገ በስንት ሰዓት ልምጣ?" አለኝ።

"በሩ አይቆለፍም" አልኩት።

ይህ በፈቃዴ የተነገረ፣ በፊቴ የተነበበልኝና ያጸናሁት የመጨረሻ ቃሌ ነው።

ተናዛዥ፦ ፕሪሙስ ላውሴገር (ፊርማ)

ኤንገልበርት ኦግሪስ፣ ጸሐፊና ምስክር (ፊርማ)

ሄርታ ሚሽኩልኒግ፣ ምስክር (ፊርማ)

ካንሲያን ላውሴገር፣ ምስክር (ፊርማ)